መርዶ ሳይነገር የወጣ ዜና

«የጻፈው ሰው ልጄን ያውቀው ነበር?»

ይህን የጠየቁኝ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው በሞተ በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ገብቼ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጋዜጠኛ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ዜናን የተመለከተ ጥያቄ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። መብራት ለምን ጠፋ፣ የጤፍ ዋጋ ለምን ጨመረ፣ እከሌ የሚባለው ባለ ሥልጣን እውነት ተነስቷል ወይ ይሉኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። መልሱን አውቀዋለሁ። የጻፈው ሰው ልጃቸውን አያውቀውም። ድምፁን እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ስለ እርሱ ያወጣውን እያንዳንዱን ነገር የለቀመው ከራሱ ከሟቹ የፌስቡክ ገጽ ነው።

«አያውቀውም፣ እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ የቴሌግራም ቻናሎችንና የፌስቡክ ገጾችን ማየት ስጀምር ጥያቄያቸው ይመጣብኛል፤ ምክንያቱም እኔም ብዙውን ዜና የምሰበስበው በዚያው መንገድ ነው።

ያ ምሽት

ልጁ አስጎብኚ ነበር። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የስሜን ተራሮችን ለእንግዶች ሲያሳይ የኖረ፣ የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ፎቶ እያነሳ ገጹ ላይ የሚለጥፍ፣ ከአገር ውጭም ብዙ ተከታይ ያፈራ ወጣት። እንግዶች ሊቀበል አዲስ አበባ ሄዶ በመኪና ሲመለሱ ዓባይ በረሃ ላይ አደጋ ደረሰባቸው።

ወሬው የደረሰኝ ከአዲስ አበባ፣ ከምዘግብለት ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ የፌስቡክ ልጥፍ ላከልኝና «የእናንተ ከተማ ልጅ ነው፤ አረጋግጪና ለድረ ገጹ ላኪልኝ» አለኝ። ጋዜጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚታተመው፤ ድረ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉ ግን ሌሊቱንም ዜና ይጠብቃሉ።

ማረጋገጡ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» ብሎ የለጠፈውን ሰው ፈለግሁ፤ የሥራ ባልደረባው ነው፣ ገጹም የቆየ፣ አብረው የተነሷቸው ፎቶዎች ያሉበት ነው። የተሰባበረውን መኪና ፎቶ በምስል መፈለጊያ አስገብቼ ከዚህ በፊት የትም እንዳልወጣ አየሁ። የአሮጌ አደጋ ፎቶ እንደ አዲስ በሚዞርበት አገር ስለምንሠራ ይህን ሳላደርግ አላልፍም። ከዚያ በአካባቢው ወዳለው የትራፊክ ፖሊስ ደወልኩ። እውነት ነው አሉ። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሰዓቱ፣ ቦታው ሁሉም ገጠመ።

ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ወደ ደጅ ወጣሁ። የእኛንና የእነርሱን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ የግቢያቸው በር ክፍት ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ የተሰበሰበ ሰውም የለም። እናቱ በረንዳው ላይ፣ አምፖሉ ሥር፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ጠጠሩን በጣታቸው ጫፍ እያነሱ ወደ ጎን ይጥላሉ፤ ሰፌዱን ነቅነቅ ያደርጉና እንደገና ጎንበስ ይላሉ። አዩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም እንዴ? በዚህ ሰዓት ይደውልልኝ ነበር። እስኪ በአንቺ ስልክ ሞክሪልኝ።»

የልጃቸው ሞት እጄ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነበር፤ ከነፎቶው፣ ከነሰዓቱ፣ በፖሊስ ተረጋግጦ። እርሳቸው ደግሞ በዚያው ስልክ እንድደውልለት ይለምኑኛል። እንደ ዘጋቢ ሁሉም ነገር በእጄ ነበር። እንደ ጎረቤት ደግሞ አፌን የመክፈት መብት እንኳ አልነበረኝም፤ መርዶ የሚናገር ሰው ይመረጣል እንጂ ያወቀ ሁሉ አይናገረውም። «ኔትወርኩ አስቸግሯል፣ እማማ» አልኩና ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ።

እርሳቸው ያውቁ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ከቀትር በኋላ ሰምተው ምክራቸውን ጨርሰዋል። ታላቅ ወንድሙ ከባሕር ዳር፣ አክስቱ ከቆላ ድባ እስኪደርሱ ይጠበቃል። እናቱ የደም ግፊት ስላለባቸው ሌሊቱን ይረፉ፤ ጠዋት የንስሐ አባታቸው ባሉበት ይነገራቸዋል ተብሏል። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ከአጠገባቸው እንደሚቀመጥ፣ ማን ውኃ ይዞ እንደሚቆም ሳይቀር ተነጋግረዋል። «እስከ ጠዋት ብቻ ያዙልን» አሉኝ። ለአዘጋጁ ደውዬ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ይቆይ» አለኝ።

ሌላው ግን አልቆየም። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ አንድ የዜና ገጽ ስሙን፣ ፎቶውን፣ የተወለደበትን ሰፈር ጭምር ጽፎ አወጣው፤ ሌሎችም ገልብጠው አጋሩት። ታናሽ እህቱ ጓዳ ውስጥ ስልኳን ስትመለከት ዜናው ከፊቷ መጣ። ጩኸቷን እኛም ቤት ሰማነው። እናቱ የልጃቸውን ሞት ያወቁት ከዚያ ጩኸት ነው፤ ያ ሁሉ የተመካከሩበት ሰው አንዱም በቦታው ሳይኖር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ከአጥር ማዶ ቆሜ ያየሁት ግን ያን ምሽት ነው። እናቱ ምስር ሲለቅሙ፣ አንድ ሰሞን ግንቡን ያስጎበኛቸው፣ በሌላ ክፍለ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ሐዘናቸውን በገጹ ላይ ይጽፉለት ነበር።

እውነት መሆኑ አልበቃም

ከኢንተርኔት ስለሚገኝ ምንጭ በተሰጠን ሥልጠና ሁሉ የተማርነው እውነት መሆኑን ማረጋገጥን ነው። መማራችን ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ፈረንሳዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ዣር በሞተ ጊዜ ደብሊን የሚማር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጋዜጠኞች ከኢንተርኔት ሳያጣሩ ይወስዱ እንደሆነ ለማየት ብሎ፣ ሰውየው ስለ ሙዚቃና ስለ ሞት ተናገረው የተባለ ውብ አባባል ፈጥሮ ዊኪፒዲያ ላይ አስገባ። የዊኪፒዲያ አርታኢዎች ምንጭ የለውም ብለው ደጋግመው ሰረዙት። ጋርዲያንን የመሰሉ ጋዜጦች ግን በዜና ዕረፍቱ ውስጥ አተሙት፤ ከሳምንታት በኋላ ተማሪው ራሱ ጽፎ እስኪነግራቸው ድረስም አልነቁም። ጋርዲያን ማረሚያ አወጣ፤ ሟቹ ያልተናገረው ቃል ግን አንድ ጊዜ ከስሙ ጋር ዓለምን ዞሯል።

ይህን ታሪክ ለአዳዲስ ዘጋቢዎች ሳልነግር አላልፍም። አንድ የፌስቡክ ገጽ መቼ እንደተከፈተና ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ በገጹ የግልጽነት ክፍል እንዴት እንደሚታይ አሳያቸዋለሁ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሳበትን ጊዜና ቦታ የሚናገረው መረጃ ተደምስሶ ስለሚደርስ፣ ዋናውን በፋይል መልክ አስልኮ መቀበል እንደሚሻል እነግራቸዋለሁ። አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ምንጭ ብዛት ነው። ሦስት ቻናሎች አንድ ወሬ ስላወጡ ሦስት ምንጭ ተገኘ ማለት አይደለም፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር ከተመሳሰለ ሁሉም የቀዱት ከአንዱ ነው። ዛሬ የመብራት መቋረጡ፣ የዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ጥሪ፣ የዞኑ መግለጫ ሁሉ ወደ ጋዜጣ የሚገባው «በማኅበራዊ ትስስር ገጹ አስታወቀ» በሚል ሐረግ ነው። ገጹ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ካላየን ማን እንዳስታወቀ እንኳ አናውቅም።

የዚያ ምሽት ዜና ግን ይህን ፈተና ሁሉ ያለፈ ነበር። ያወጣው ገጽ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው እኛ የምንጠይቀውን ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። እውነት ሆኖ ጊዜውን ያልጠበቀ ዜና በአዋጁ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እንዲኖረውም አልመኝም። አንድ እውነት በየትኛው ሰዓት መታተም እንዳለበት ሕግ መወሰን ሲጀምር ምን እንደሚከተል በዚህ አገር ለሠራ ጋዜጠኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወድቀው በእኛው ትከሻ ላይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለሐሰተኛ ዜና ነው፤ ማረሚያ ይወጣል፣ ይቅርታ ይጠየቃል። ያን ምሽት የፈሰሰውን መልቀም የሚችል ማረሚያ አልነበረም።

«ፎቶ፦ ከፌስቡክ»

ከዜናው ጋር የወጣው የጥምቀት ፎቶ ነው። ልጁ በፋሲል መዋኛ አጠገብ በነጭ ልብስ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ፎቶውን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር፤ ከእናቱ ጋር ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ነው። ዜናውን ያወጣው ሰው እናቱን ቆርጦ አስቀርቷቸዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አልወጡም። በቀኝ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የነጠላቸው ጥለትና የትከሻቸው ጫፍ ይታያል። ከሥሩ «ፎቶ፦ ከፌስቡክ» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ሐረግ በየጋዜጣው አየዋለሁ። ፎቶውን ያነሳ ሰው አለ፣ የተነሳ ሰው አለ፣ የለጠፈ ሰው አለ፤ ሐረጉ አንዳቸውንም አይጠቅስም። ልጁ ያን ፎቶ የለጠፈው ለዘመዶቹ፣ ለጓደኞቹ፣ ላስጎበኛቸው እንግዶች «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ነበር። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሊያየው ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሠርግ ቤት በር ክፍት ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነቅሎ የሚሄድ እንግዳ የለም። ሰው የሚናገረው ለሆነ ሰው ነው፤ ገጹ ላይ የጻፈውም ቢሆን። እኛ ግን ከዚያ ላይ አንስተን ወደ ጋዜጣ ስናዛውረው፣ ለማን እንደተነገረ የሚያሳየውን ነገር ሁሉ ልክ እንደ እናቱ ቆርጠን እናስቀረዋለን።

ቀደም ሲል የሟችን ፎቶ የፈለገ ዘጋቢ የሟቹ ቤት መሄድ ነበረበት። ገብቶ ይቀመጣል፣ እግዜር ያጽናችሁ ይላል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፤ ከዚያ አልበሙ ይወጣና ዘመድ መርጦ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ዘጋቢ መርዶ ያልተነገረውን ቤት በድንገት ማርዳት አይችልም፤ ድንኳኑ አለመተከሉን ከደጅ ያየዋል። ያ አሠራርም የራሱ ችግር ነበረበት። በሐዘንተኛ ላይ ካሜራ ደቅነው የሚያስለቅሱ ዘጋቢዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቢሆንም ቤቱ ድረስ የሄደ ሰው ሟቹ ማን እንደነበረ ይሰማ ነበር። እነ እማማ ዘንድ የሄደ ዘጋቢ ቢኖር ኖሮ ልጁ እንግሊዝኛ የተማረው በልጅነቱ በግንቡ በር ላይ ቆሞ ቱሪስቶችን እያናገረ እንደነበር፣ የእህቱን የትምህርት ወጪ ይችል የነበረውም እርሱ እንደሆነ ይነገረው ነበር። ይህ በገጹ ላይ የለም። ገጹ ላይ ያለው ተራራና ጭላዳ ነው፤ ዜናውም «የተፈጥሮ ፎቶ ወዳጅ» ብሎት አለፈ። እናቱ ልጄን ያውቀው ነበር ወይ ብለው የጠየቁት ይህን ካነበበችላቸው ከሴት ልጃቸው ሰምተው ነው።

ሁለት ዓይነት ምንጭ

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከኢንተርኔት የምናገኘውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ እያሳሳተን እንደሆነ ይሰማኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲከሰከስ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ያወጣውን የሐዘን መግለጫ ነበር። በዚያው ቀን ፍላይትራዳር24 የተባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት የተረጋጋ እንዳልነበር አሳወቀ። የዓለም ጋዜጦች ይህን ይዘው ጻፉ፤ ጠቃሚ መረጃ ነበር። ማሽን የመዘገበው ቁጥር ነው፤ ቢቸኩሉበትም ማንንም አያረዳም። በአውሮፕላኑ የነበሩት ግን 157 ሰዎች ናቸው። የእነርሱን ስም ከየፌስቡክ ገጹ መልቀም ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ሊሆን አይችልም።

በዚያው ዓመት የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠልም እንዲሁ። የናሳ የእሳት ካርታ ሳተላይት ያየውን ሙቀት በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ለሕዝብ ያወጣል፤ አንዱ መሣሪያው 375 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ለይቶ ያሳያል። እሳቱ ጠፍቷል ሲባል ካርታውን ከፍቶ ጠፍቷል ወይ ብሎ መጠየቅ የሚችል ዘጋቢ ከመግለጫ በላይ የሆነ ነገር በእጁ አለ። ይህን እንጠቀምበት፣ በፍጥነትም እንጠቀምበት እላለሁ። የምይዘው እጄን ስለ ሰው የሚናገረው ምንጭ ላይ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ። ጎንደር ያለን ሰዎች ስለ ጎንደር የሚጻፈውን ማየት አንችልም ነበር። ስለ እኛ የሚጽፉት ከሩቅ ያሉ ገጾች ነበሩ፤ ጋዜጦችም ሌላ መንገድ ሲያጡ ከእነርሱ ይወስዱ ነበር። አዘጋጁ ደውሎ «እንዲህ ተብሏል፣ እውነት ነው?» ይለኛል፤ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እለዋለሁ። መርዶ በእነዚያ ወራት እንደ ድሮው በሽማግሌ አፍ፣ በንጋት ይሄድ ነበር። ይህን ስል መዘጋቱን ወደድኩት ማለቴ አይደለም። የታመመ ሰው ገንዘብ እንዲላክለት የሚጠይቅበት፣ ውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ፊት የሚያይበት መንገድ ነው የተዘጋው፤ እኔም ዜናዬን መላክ አቅቶኝ የተቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ያየሁት ነገር ቢኖር የመርዶው ሥርዓት በሰዎች ዘንድ እንዳልጠፋ ነው። የጠፋው እኛ ዘንድ ነው።

ስም ማቆየት

የእኛ ወግ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ሌላውም ዓለም ይህን ያውቀዋል። የብሪታንያ ጋዜጦች የሚመሩበት የኤዲተሮች ደንብ በ4ኛ አንቀጹ ሐዘን ላይ ያለን ሰው የሚመለከት ዜና በጥንቃቄ እንዲወጣ ያዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2020 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት ቲኤምዜድ የተባለው ድረ ገጽ ቤተሰብ ሳይነገረው ዜናውን በማውጣቱ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ በአደባባይ ወቅሶታል።

እኛ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። አደጋው ወዲያው ይጻፋል፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው። ስም የሚጻፈው ቤተሰብ መስማቱ ሲታወቅ ነው። ይህን የማውቀው ከፌስቡክ አይደለም። በጎንደር ለሚሠራ ዘጋቢ የእድር ዳኞች ስልክ ቁጥር ከፖሊስ ስልክ ቁጥር እኩል ያስፈልጋል፤ እኔ የብዙ ሰፈር ይዣለሁ፤ ደውዬ «ተነግሯል ወይ?» እላለሁ። ፎቶም ከቤተሰብ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሰጡኛል፤ ደግሞም ከገጹ ላይ ከማገኘው የተሻለ ፎቶ ነው የሚሰጡኝ።

የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። «ቤተሰብ ይስማ» የሚለው ቃል ሞትን መሸሸግ ለሚፈልግ ሰውም ይመቸዋል። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ እንዴት እንደሞቱ ማንም የማይናገርላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሞታቸው ብቸኛ ምስክር አንድ ጓደኛ የለጠፈው ጽሑፍ የሆነባቸው። እነርሱንም ጠብቁ ብንባል መጠበቁ ዝምታ ይሆናል። እኔ የያዝኩት መስመር ሞቱን ሳይሆን ስሙን ማቆየት ነው፤ የሚያቆየውም የቤተሰብ ጥያቄ እንጂ የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ አይደለም፤ የሚቆየውም እስኪነጋ ነው። ይህ መስመር ሁሉንም ጉዳይ ይፈታል ብዬ አላምንም። ቤተሰቡ ራሱ ፈርቶ ስሙ ፈጽሞ አይውጣ ያለበት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ያኔ ከአዘጋጁ ጋር ረጅም ሰዓት ተከራክረን ስሙን ትተነዋል። አሁንም ልክ ነበርን ብዬ አስባለሁ።

ከአዘጋጁ ጋር ያልተስማማነው በአስተያየት መስጫው ላይ ነው። እኛ ስሙን ሳንጠቅስ «አንድ አስጎብኚ» ብለን ብናወጣ ከዜናው ሥር አስተያየት የሚሰጡት ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ስሙን ይጽፉታል፤ ልባቸው ስለተነካ እንጂ ለክፋት አይደለም። እኔ የምለው እንዲህ ላለው ዜና አስተያየት መስጫው እስከ ጠዋት ይዘጋ ነው። እርሱ አንባቢ ይሸሸናል ይላል። ይሽሽ እላለሁ፤ ጠዋት ከስሙና ከታሪኩ ጋር ስናወጣው የሚያነብ ሰው አይጠፋም። በሚቀጥለው የዝግጅት ክፍል ስብሰባ ይህን በጽሑፍ አቀርባለሁ። በሌሎች ጋዜጦች የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሚደረግ ብትጽፉልኝ ከሐሳቤ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።